ታዲያ ስንት አዋለዱ?

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ቁጥር ነው። ስለ አንድ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም አጠር ያለ የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ታዘዝን። ያዘዘን ሰው፣ "ጽሑፋቸው በሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ፈልጉና ቁጥሩን ርዕሱ ላይ ስቀሉት፤ አንባቢ ቁጥር ይወዳል" አለን። እኛም ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ነንና ቁጥር ስናይ አንጀታችን ይርሳል። ጉግል ስኮላርን ከፈትን፣ ስማቸውን ጻፍን፣ ቁጥሩ መጣ። ጥሩ ቁጥር ነው። እዚህ ግን አናሰፍረውም፤ በየጊዜው ስለሚያድግ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ያረጃል።

ቁጥሩን በስልካችን ይዘን ቆቦ ወረድን። ለሥራ አይደለም፣ አያታችንን ልናይ ነው። ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ወልድያን አልፎ ራያ ሜዳ ላይ የወረደን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከእሱ ወዲህ የማሽላ ማሳ። አያታችን በረንዳው ጥላ ሥር ቡና እያፈሉ ነበር።

እምዬ (እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ከቆቦ ወጣ ባለች የቆላ መንደር ለብዙ ዓመት የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ስለዚህ ስለ ወሊድ ሐኪም መጻፋችን ደስ ይላቸዋል ብለን አሰብን። "እምዬ፣ እኚህ ሰው ፕሮፌሰር ናቸው። የጻፉት ነገር በዓለም ዙሪያ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሷል" አልናቸውና ስልኩን ዘረጋንላቸው።

ስልኩን አላዩትም። አቦሉን እየቀዱ፣ "ታዲያ ስንት አዋለዱ?" አሉን።

መልስ አልነበረንም። (በነገራችን ላይ እዚህ ዓምድ ላይ "እኛ" እንበል እንጂ እምዬ ፊት አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ነን። "አንቺ" ሲሉን እንዳትደነግጡ።)

እንግዲህ ለእምዬ ያልመለስነውን ለእናንተ እንሞክር። መጠቀስ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ተመራማሪ ሲጽፍ "ይህን ያልኩት ከራሴ አይደለም፣ እገሌ በዚህ ዓመት አሳይቶታል" ብሎ ስም ይጠራል። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪው "የኔታ እንዳሉት" ይላል። ሼኹም ሐዲስ ሲያወሩ ከማን ሰምተው፣ እሱም ከማን ሰምቶ እንደሆነ ይዘረዝራሉ። ልዩነቱ ሳይንስ ይህን መቁጠር መጀመሩ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1964 ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ማሳተም ጀመሩ። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አመጡ። ኤች ኢንዴክስዎ 20 ነው ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉዎት ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲ እድገትም፣ የምርምር ገንዘብም፣ ክብርም በዚህ በኩል ያልፋል።

የእኛ ሰው ፕሮፌሰር ይፍሩ ብርሃን ናቸው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሠሩ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም። ጽሑፎቻቸውን ስናነብ አንድ ጠባይ አየንባቸው፤ የተበተነ ይሰበስባሉ። አንዱ ተመራማሪ በአንድ ሆስፒታል የሞቱ እናቶችን ይቆጥራል፣ ሌላው ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ ይቆጥራል፣ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እሳቸውና አብረዋቸው የሠሩት አስረስ ብርሃን እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2014 ጅማ ዩኒቨርሲቲ በሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። የኢትዮጵያ እናቶች በምን ይሞታሉ ለሚለው ጥያቄ የሠላሳ ዓመት መልስ አንድ ላይ ተቀመጠ።

ምን አገኙ? እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ቀዳሚው ገዳይ ከውርጃ ጋር የተያያዘ ጣጣ ነበር፤ 31 በመቶ። ከ2000 በኋላ ግን ውርጃ ከቀዳሚዎቹ አራት ወጣ። ቀዳሚው ምጥ ታግዶ ልጁ አልወጣ ማለትና የማህፀን መቀደድ ሆነ፤ 36 በመቶ። ደም መፍሰስ 22፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት 19፣ ኢንፌክሽን 13።

እነዚህን ቁጥሮች ለእምዬ አነበብንላቸው። "ምጡ ታግዶ" የሚለው ላይ ስንደርስ የቡናውን ጀበና ማቶቱ ላይ አስቀመጡና፣ "እሱን ለማወቅ ነው ይህ ሁሉ ወረቀት?" አሉ።

እውነት ለመናገር ትንሽ ተናደድን። እምዬ ያውቃሉ፣ አዎ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። "ያረገዘች ሴት አንድ እግሯ መቃብር ነው" የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን መንደር የሚያውቀውን ሚኒስትር ላያውቀው ይችላል። የሞተችው ሴት በስሟ ታለቅሳለች እንጂ በጀት አትጠይቅም። ስንት ሞቱ፣ በምን ሞቱ፣ የትኛው እየቀነሰ የትኛው እየጨመረ ነው ተብሎ ካልተጻፈ የቀዶ ሕክምና ክፍል የት ይከፈት፣ ደም የት ይቀመጥ የሚለው ግምት ይሆናል። እንዲህ ብለን ተሟገትን። እምዬ ዝም ብለው ሰሙን።

ከዚያ ሌላኛውን ጽሑፍ አነሳን። የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህኛው ምክንያት ነው።

አብዛኛው ልጅ በጭንቅላቱ ይመጣል። በወሩ ከሚወለዱት ከመቶ ሦስት ወይም አራቱ ግን በመቀመጫቸው ወይም በእግራቸው ይመጣሉ። እንዲህ የመጣን ልጅ በማህፀን በር ማዋለድ ይሻላል ወይስ በኦፕራሲዮን? እ.ኤ.አ. በ2000 ሜሪ ሐና የተባሉ የካናዳ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ26 አገሮች፣ በ121 ሆስፒታሎች 2,088 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ላንሴት ላይ አወጡ። ኦፕራሲዮን ለልጁ ይሻላል አለ። ይህ ጽሑፍ በወሊድ ሕክምና ዓለም እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ሆነ። መጠቀስ ብቻም አልነበረም፤ በብዙ አገር ሐኪሞች በመቀመጫው የመጣን ልጅ በእጅ ማዋለድ እየተዉ ሄዱ። እጁን ያልሠራበት ትውልድ መጣ። ያንኑ ጥናት ተከትሎ በ2004 የወጣው ውጤት ደግሞ ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በሁለቱ ወገን በሞትም ሆነ በአእምሮ እድገት ልዩነት እንዳልተገኘ ተናገረ። እስከዚያ ግን ዓለም መንገዱን ቀይሯል።

ፕሮፌሰር ይፍሩ እና የጅማው አብርሃም ኃይለአምላክ እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ በሚታተም የወሊድ ሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ክርክር አነሱ። 27 ጥናቶችን፣ በአጠቃላይ 258,953 ሴቶችን አንድ ላይ መዘኑ። በማህፀን በር እንዲወለዱ በታቀደላቸው ዘንድ የልጆቹ ሞት 0.3 በመቶ፣ ኦፕራሲዮን በታቀደላቸው ዘንድ 0.05 በመቶ ሆኖ አገኙት። ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ነው፤ ለየብቻው ሲታይ ግን ሁለቱም ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሳኔው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳይሆን እንደየሴቲቱ ሁኔታ ይሁን የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ከኢትዮጵያ የወጡ ሁለት ስሞች ካናዳና አውሮፓ ውስጥ በሚካሄድ ክርክር መሐል ይጠቀሳሉ። ይህንን ስናነብ ኮራን። መቼም የአገር ልጅ ነው።

ለእምዬም በኩራት ነገርናቸው። "በእግሩ የመጣ ልጅ በእጅ ከተወለደ፣ ከሺህ የሚሞተው ሦስት ነው ይላሉ።"

"ከሺህ ሦስት?"

"ከሺህ ሦስት።"

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቶናው ተፈልቶ ቀዘቀዘ። ከዚያ፣ "ከእኔ ግን ከዘጠኝ ሦስት ነው" አሉ።

እምዬ ስንት ልጅ እንዳዋለዱ አይቆጥሩም። "አይቆጠርም፣ ዓይን ይገባል" ይላሉ። በእግራቸው የመጡትን ግን ቆጥረዋቸው ኖሯል። ዘጠኝ። ከዘጠኙ ሦስቱ ሞቱ። ሦስተኛው የእናታችን ታላቅ እህት ልጅ ነበር።

ስለ አክስታችን በቤታችን ብዙ አይወራም። በ1981 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በወሊድ እንደሞተች እናውቃለን፤ ከዚያ በላይ አናውቅም ነበር። ያዋለዷት እናቷ መሆናቸውንም አናውቅም ነበር። እምዬ ነገሩን እንዲህ ነበር የነገሩን። ምጡ ከመሸ ያዛት። ሴቶቹ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ይላሉ፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ዱዓ ያደርጋሉ። እግሩ ወጣ፣ ወገቡ ወጣ፣ ጭንቅላቱ ቀረ። ሲወጣ ሕይወት አልነበረውም። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ጊዜው የጦርነት ነበርና ማታ በዚያ መንገድ የሚሄድ የለም። ሲነጋ ጎረምሶቹ በቃሬዛ አነሷት። ቆቦ ሳይደርሱ ተመለሱ።

"እጄ ነው?" አሉን እምዬ። "የሚያውቁ ሰዎች ከሺህ ሦስት ካሉ፣ የእኔ እጅ ነው እንጂ።"

እንግዲህ አያችሁ፤ ለኩራት ያመጣነው ቁጥር የት እንዳረፈ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ራሳቸውን ሲጠይቁ ለኖሩ ሴት፣ እኛ ከአዲስ አበባ ተነስተን መፍረጃ ይዘንላቸው መጣን። ጽሑፉን ደግመን አነበብነው። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ ሥር ያለውን።

ያገኘነውን ለእምዬ በዝግታ አስረዳን። በእነዚያ 27 ጥናቶች ውስጥ የተቆጠሩት ሴቶች በማህፀን በር እንዲወልዱ በሐኪም የታቀደላቸው ናቸው። ልጁ እንዴት እንደተቀመጠ ከምጡ በፊት ታውቋል። ነገሩ ከከበደ ማደንዘዣው፣ ቢላዋው፣ ደሙ ከጎን አለ። ከሺህ ሦስት የሚለው የአዋላጅ እጅ ብቻ አይደለም፤ እጁም፣ ክፍሉም፣ መብራቱም፣ የደም ከረጢቱም አንድ ላይ ተደምሮ ነው። የእርስዎ ግን ባዶ እጅ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አይወዳደሩም።

"ስለዚህ እጄ አይደለም?"

እዚህ ላይ "አይደለም" ብለን እቅፍ ብናደርጋቸው ደስ ባለን። ግን ጥናቱ ይህን አይልም። ስለ አንድ ሌሊት፣ ስለ አንዲት ሴት የሚናገር ጥናት የለም። "ጥናቱ አይፈርድብዎትም። ነጻ ነዎትም አይልም። ያኔ አጠገብዎ መኖር የነበረበት ነገር እንዳልነበረ ግን ይናገራል" አልን።

"ታዲያ ለእኔ መንደር ያጠና የለም?" አሉ።

አለ። እምዬ እስኪጠይቁን ድረስ አልፈለግነውም እንጂ አለ። ወልቂጤ አካባቢ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለው። አሰራሩ ቀላል ነው። መንታ ያረገዘች፣ ልጇ በመቀመጫው የሆነ፣ ቀድሞ ኦፕራሲዮን የሆነች፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እዚያው ግቢ ትኖራለች። ምጡ ሲመጣ ሐኪሙ በእግር መንገድ ላይ ነው። ጆን ኬሊ የተባሉ እንግሊዛዊ የወሊድ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የሆስፒታሉን የ22 ዓመት መዝገብ፣ 24,148 ወሊዶችን፣ አገላብጠው በ2010 አሳተሙ። በማቆያው አልፈው ከወለዱት ዘንድ የእናቶች ሞት በ100,000 ሕያው ልደት 90 ገደማ ነበር። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት ዘንድ 1,333። በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ብዙ ናቸውና ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት ልክ አይሆንም። ግን የአክስታችን መልስ እዚያ ውስጥ አለ። ሐኪሙ ወደ መንደሩ ባይመጣ፣ ሴቲቱ ቀድማ ወደ ሐኪሙ ትጠጋ። ዛሬ የእናቶች ማቆያ በብዙ የገጠር ጤና ጣቢያ ግቢ ይታያል።

እምዬ ይህን ሲሰሙ፣ "እህ… ይህንንማ ብናውቅ ኖሮ" አሉ። "ኖሮ" የምትለዋን ቃል እንዲህ ከብዳ ሰምተናት አናውቅም።

ይህን ታሪክ የምንጽፈው ተመራማሪን ለማሳነስ አይደለም። በእርግጥ የምንቆጥረው ነገር ጎዶሎ ነው። ማሚቱ ጋሼን አስቡ። በልጅነታቸው ምጥ ታግዶባቸው፣ ፊስቱላ ሆነው ወደ ዶ/ር ካትሪን እና ዶ/ር ሬጅናልድ ሐምሊን መጡ። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቀዶ ሕክምናውን ከአጠገብ እያዩ ተማሩ። ሐኪሞችን እስከማሠልጠን ደረሱ። ኤች ኢንዴክስ ከተባለ ማሚቱን ማን ያገኛቸዋል? በሌላ በኩል "ተዛማጅ ምክንያቶቹ" በሚል ርዕስ ወረዳ እየቀያየሩ የሚጻፉ፣ እርስ በርስ የሚጠቃቀሱ ወረቀቶችም አሉ። እምዬ ራሳቸው አንድ ጊዜ መጠይቅ ተሞልቶባቸዋል። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የልጆች ብዛት… ቡና አፍልተው አስተናገዱ። ልጆቹ አመስግነው ሄዱ፣ ያው ሄዱ። ምን እንዳገኙ የነገራቸው የለም።

ግን ይህንንም እንናገር። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ አምስት ነበሩ፤ በ2016 ሃያ ስድስት፣ በ2019 አርባ ስምንት ደረሱ። የእናቶች ሞት በ100,000 ከ871 በ2016 ወደ 412 ወረደ። ጤና ኤክስቴንሽን ሲመጣ እምዬም ማዋለድ አቆሙ፤ "አሁን እኔ ሸኚ ነኝ" እያሉ ነፍሰ ጡሮቹን ይዘው ጤና ጣቢያ መሄድ ጀመሩ። ከዚያ በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ በዚህ ሜዳ ላይ አለፈ። በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። በዓመታት የተሠራ በሳምንታት እንደሚፈርስ ቆቦ ያየ ሰው አይጠራጠርም። እነዚህን ሁሉ የምናውቀው ደግሞ የሆነ ሰው ቆጥሮ ስለጻፈ ነው።

ስለዚህ ለእምዬ ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ፕሮፌሰሩ ስንት እንዳዋለዱ አናውቅም። ግን ሌላ ሐኪም በሌላ አገር እግሩ የወጣ ልጅ ሲያጋጥመው ምን ይሻላል ብሎ ሲያስብ፣ የእሳቸው ወረቀት ከሚያማክሩት አንዱ ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ ወሊድ በስማቸው አይቆጠርም። መጠቀስ ጥሩ የሚሆነው እዚያ ሲደርስ ነው። ርዕስ ላይ የሚሰቀለው ቁጥር ግን መድረሱንም አለመድረሱንም አይናገርም። የእኛ ሥራ መሆን የነበረበት ይሄኛውን መጠየቅ ነበር፤ የአራት ዓመት ትምህርት ያላስታወሰንን እምዬ በአንድ ስኒ ቡና አስታወሱን።

ልንመለስ ስንል በር ድረስ ሸኙን። ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃል። እጃችንን ያዝ አድርገው፣ "ያ ሰውዬ እንደሚሰበስቡ ነው ያልሽኝ አይደል? የተበተነውን?" አሉ።

"አዎ እምዬ።"

"በይ የእኔንም ይጨምሩበት። ከዘጠኝ ሦስት። እናቶቹ ስምንቱ ድነዋል፣ አንዷ አልዳነችም። እንዳለ ይጻፉት።"

የጥናት ደንብ አይፈቅድም፣ እናውቃለን። መዝገብ የለውም፣ ምስክር የለውም፣ መቶኛ አይወጣለትም። ለእምዬ ይህን አላልናቸውም። "እሺ እምዬ፣ እንጽፈዋለን" አልናቸው። ይኸው ጻፍነው፤ ከዘጠኝ ሦስት፣ ከእናቶቹ አንዷ፣ ቆቦ፣ 1981 ዓ.ም.